ሻንጣዬን ፈታሁ

ካምፓላ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወዳችሁና ለማከብራችሁ እናቴና አባቴ፤ ሐዋሳ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስንገናኝ እማዬ ስታለቅስ እኔም ስለምረበሽ፣ መስመሩም ስለሚቆራረጥ፣ ልነግራችሁ የሚገባኝን ሳልነግራችሁ ብዙ ጊዜ ዘግቻለሁ። ስለዚህ ረጋ ብዬ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወስኛለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብላችሁ።

ከቤት የወጣሁበትን ምክንያት ስለምታውቁት አላነሣውም፤ መንገዱንም በአጭሩ ልለፈው። በዲላና በያቤሎ አድርጌ ሞያሌ እስክደርስ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ገና በአገሬ ላይ ስለነበርኩ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ከሞያሌ ወዲያ ያለው የማርሳቢት በረሃ ነው። ናይሮቢ ስንደርስ እስከ ካምፓላ ሊያደርሰን ገንዘባችንን የተቀበለው ደላላ ስልኩን አጠፋብንና ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ሰባት ሴቶች በአንዲት ክፍል 19 ቀን ተቀመጥን። ያን ጊዜ «ሆቴል ነው ያረፍኩት» ያልኳችሁ ውሸት ነበር፤ ይቅር በሉኝ። በማላባ በኩል ኡጋንዳ የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ካምፓላን ለጥቂት ወራት ብቻ የማርፍባት ከተማ አድርጌ ነበር የቆጠርኳት። ካናዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከአራት ጓደኞቿ ጋር ሆና ስፖንሰር ልታደርገኝ እንደተስማማች ታውቃላችሁ። ነገር ግን እንዲህ አምስት ሆነው ለሚያመለክቱ ሰዎች፣ ስደተኛው ያለበት አገር ወይም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ስደተኛነቱን ያረጋገጠበት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። እኔ ወረቀቱን ገና እየተጠባበቅሁ ሳለሁ የካናዳ መንግሥት ባለፈው ኅዳር ከእንዲህ ያሉ ቡድኖች አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን እስከ ፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ድረስ አቆመ። የእኔ ወረቀት የወጣው ከገና በኋላ ነው። እንግዲህ እማዬ፣ ለጎረቤት «ለመስቀል ካናዳ ትገባለች» ማለትሽን ተይ። አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ሁለትም ሊሆን ይችላል።

ይህን የምጽፈው ተስፋ ቆርጬ አይደለም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ሁለት ቀሚስ ብቻ እያፈራረቅሁ እያጠብኩ ስለብስ፣ ያሰርሽልኝን በርበሬና ሽሮ ካናዳ ስገባ እከፍተዋለሁ ብዬ ከአልጋው ሥር አስቀምጬው ነበር። መጋቢት ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውሃ ወደ ክፍሌ ገብቶ የሻንጣውን ሥር አረጠበው። ስከፍተው የበርበሬው ፌስታል አንድ ጥጉ ሻግቷል። የተበላሸውን በማንኪያ እየጫርኩ ጣልኩት፣ ደህናውን በር ላይ ፀሐይ አሰጣሁት፣ ፌስታሉ ላይ የጻፍሽው «ለልጄ» የሚለው ጽሕፈት ግን አልጠፋም ነበር። በዚያው ዕለት ግድግዳው ላይ ምስማር መትቼ ልብሴን በሙሉ ሰቀልኩ፤ ማታም በበርበሬሽ ወጥ ሠርቼ ጎረቤቶቼን ጠራሁ።

አሁን የአገራችን ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት እናት ጋር እንጀራ እጋግራለሁ። የዚህ አገር በፈረንጆቹ 2006 የወጣው የስደተኞች ሕግ ወረቀት ያለው ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር ስለሚፈቅድ ተደብቄ አልሠራም፤ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን በሌሎች አገሮች ያሉትን ሳስብ ነው ያወቅሁት። ጤፍ ውድ ስለሆነ ከዳጉሳና ከሩዝ ዱቄት ጋር እንቀላቅለዋለን። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ይሞቃል፤ እኛ ቤት ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ እዚህ በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል። መጀመሪያ ላይ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ ብሎኝ ምጣዱ ላይ እያየሁት አልቅሻለሁ። ኋላ ግን የላዩን ውሃ በየማለዳው እያፈሰስኩ አብሲቱንም ቀጠን ሳደርገው ተስተካከለ። ለቤት ኪራይና ለምግቤ የሚበቃኝን አገኛለሁ፣ ጥቂትም ይተርፈኛል።

አገሩ እንደፈራሁት ባዕድ አልሆነብኝም። ከማላባ ስገባ ግራና ቀኙን የማየው ሁሉ እንሰት መስሎኝ ልቤ ደንግጦ ነበር፤ ለካስ ማቶኬ የሚሉት የሙዝ ዓይነት ነው። ሳይበስል ተልጦ በራሱ ቅጠል ይጠቀለልና በእንፋሎት ይበስላል፤ ቅጠሉ ሲገለጥ የሚወጣው ሽታ በኮባ የተጋገረ ቆጮን ያስታውሰኛል። ሰዓታቸውንም እንደኛ ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ አንድ ሰዓት ሲሉኝ በጠዋት እገኛለሁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አባ ኮዳ ነው። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጆቹን ከቦ የሚቆመው ያ ትልቅ ወፍ፣ እዚህ በከተማው መካከል ዛፍ ላይ ጎጆ ሠርቶ ይኖራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋባ ወደሚባለው የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ እሄዳለሁ። አባባ፣ የእኛ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ይህ ከ68 ሺህ ይበልጣል፤ ማዶው አይታይም። ማዶው የሚታየውን የእኛን ሐይቅ ግን አብልጬ እወደዋለሁ።

አባባ፣ ባጃጁን ሸጠው ገንዘብ ሊልኩልኝ ማሰብዎን ከወንድሜ ሰምቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። እባክዎን አይሽጡ። ያ ባጃጅ የቤቱ ሁሉ እንጀራ ነው፤ እዚህ ያለው ጉዳይ ደግሞ ቀኑ ሲደርስ እንጂ ገንዘብ ስለተላከ አይፈጥንም። በዚህ ነገር «አፈጥንልሻለሁ» የሚል ሰው ቢደውልላችሁ አንድ ብር እንዳትሰጡት፤ ናይሮቢ ላይ ያየሁት ይበቃናል። ይልቅ የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒ አስደርጋችሁ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ስጡልኝ።

እማዬ፣ አልጋዬን ሳትነኪው አንጥፈሽ እንዳስቀመጥሽው እህቴ ነግራኛለች። እሷ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ እየተኛች የእኔ አልጋ ባዶውን መቀመጡ ከብዶኛል። ከዛሬ ጀምሮ እሷ ትተኛበት፤ ሰማያዊውን ብርድ ልብስም ስጫት፣ ክረምቱ ሳይገባ።

ናፋቂ ልጃችሁ