ድንች ሚዛን ላይ ይውጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ድንች በተወደደ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ደላላው ላይ ነው። ደላላው ንጹሕ ነው አልልም። ግን ዛሬ ከገበያው ቢወጣም ገበሬው በምርት ወቅት ያው በርካሽ ይሸጣል፣ ሸማቹም ከጥቂት ወራት በኋላ ያው በውድ ይገዛል። አንዱ ትልቅ ቀዳዳ ጆንያው ነው።

ማሳ ላይ ድንች ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ስሙ ኩንታል ይባል እንጂ ሚዛን አያይም። ከአፉ በላይ ይቆለልና በሲባጎ ይጠላለፍበታል። ለስሌት ያህል በ2,000 ብር ተስማሙ እንበል። ጆንያው 100 ኪሎ ከሆነ ኪሎው 20 ብር ነው፤ 125 ኪሎ ከያዘ ግን 16 ብር። ገበሬው ግማሽ ቀን ተከራክሮ ያስጨመረው ዋጋ በሲባጎው ተወሰደ። ነጋዴውም የሚቆልለው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ጫኝና አውራጅ የሚከፈለው በጆንያ ቁጥር ሲሆን ትልቁ ጆንያ ያዋጣዋል። ከባዱ ጆንያ ግን አይቀመጥም፣ ይወረወራል። አይሱዙው ላይ ከታች የተጫነው ይጨፈለቃል፤ ላዩ ደህና የመሰለው ድንች ሲላጥ ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል። ቸርቻሪዋም የጣለችውን በቀረው ዋጋ ላይ ትደርበዋለች።

ኬንያውያን ይህን ቁልል ጆንያ «ሉምቤሳ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ደንብ የድንች ጆንያ ከ50 ኪሎ እንዳይበልጥ ተደነገገ። ያደናቀፈው አፈጻጸሙ ነው፤ አንዱ አካባቢ ሲያጠብቅ ነጋዴው ወደ ላላው ይሄዳል፣ ደንብ ያከበረው ገበሬ ምርቱን ታቅፎ ይቀራል። ስለዚህ እኛ ብንሞክረው ባስኩላው፣ ማለትም የጭነት ሚዛኑ፣ የሚቆመው ኬላ ላይ ሳይሆን መኪናው የሚጫንበት ቦታ ነው፤ አጎራባች ወረዳዎችም በአንድ ቀን መጀመር አለባቸው። የጫኝና አውራጅ ክፍያም በኪሎ ይሁን፤ አለበለዚያ ቁልሉ በሌላ በር ይመለሳል።

ሌላው የመጠበቅ አቅም ነው። ድንች አራት አምስተኛው ውሃ ነው። 100 ኪሎ ድንች የጫነ 20 ኪሎ ያህል ደረቅ ምግብ፣ 100 ኪሎ ስንዴ የጫነ ግን ወደ 88 ኪሎ ያደርሳል። የትራንስፖርት ወጪው ይህን ያህል ስለሚከብድ ጎጃም የተትረፈረፈው ድንች ሩቅ ያለውን እጥረት በቀላሉ አይደፍንም። ስንዴ ጎተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል፤ ድንች ግን ይበቅላል፣ ይበሰብሳል። ገበሬው መሬት ውስጥ ሊያቆየው ሲሞክር አፈሩ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የድንች እሳት እራት ይገባበታል፤ ማሳውም ለቀጣዩ ሰብል አይለቀቅም።

ሁለት ወር ለማቆየት ግን የግድ ማቀዝቀዣ አያስፈልግም፤ ደጋው ራሱ ብርድ አለው። አገዳው ከታጨደ በኋላ ድንቹ ከ10 እስከ 14 ቀን መሬት ውስጥ ይቆይ። አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው፤ ልጡ ከተገፈፈ ገና ነው። ከተቆፈረ በኋላ የቆሰለውንና እርጥቡን ለይቶ፣ ታጥቦ ሳይሆን አፈሩ እንደደረቀበት፣ ከታች አየር በሚገባው የእንጨት ርብራብ ላይ በጨለማ ማስቀመጥ። እዚህ ላይ በየቦታው የሚደገም ስህተት አለ፦ ብርሃን የሚያስገባው መጋዘን የተሠራው ለዘር ድንች ነው። ለምግብ የሚሆነው እዚያ ከገባ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ሰውም ይመርዛል። ከዚያ «መጋዘን ሠርተንላቸው አልተጠቀሙበትም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ባስኩላው ነው። የሁለት ወር ትዕግሥት ያተረፈው ብር በቁልል ጆንያ የሚመለስ ከሆነ፣ መጋዘኑን ለመሥራት የሚደክም ገበሬ አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የግብርና ግብይት ባለሙያ