የፓርኪንሰን ሕሙማን አእምሮም ይመርመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፓርኪንሰን ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ እጅ መንቀጥቀጥ ነው። የአእምሮው መዳከም ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመርሳት ሳይሆን በሐሳብ መጓተት፣ ሥራን በቅደም ተከተል ማስኬድ በማቃት ነው። ስለዚህ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ከ30 የሚታረመው «ሞካ» የተባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ይሻላል። 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከ26 በታች ያመጣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልገዋል እንጂ «አእምሮው ተነካ» አይባልም፤ በተለይ ፊደል ካልቆጠረ።

በፈተናው ውስጥ ያለው ሰዓት ማሳሉ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። መመሪያው «11 ሰዓት ከ10» ይላል። በእኛ አቆጣጠር ይህን ሰምቶ አጭሩን ቆጣሪ 5 ቁጥር ላይ ያሳረፈ ሰው አልተሳሳተም፤ የቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓትም እንዲያ ነው የሚያሳየው! መስመሩ ስለተንቀጠቀጠም ነጥብ አይቀነስ።

ምርመራው የፓርኪንሰን መድኃኒቱ ሌቮዶፓ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን። አርቴን የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ ካለ ይመዝገብ፤ መንቀጥቀጡን ቢያስታግስም ማስታወስን ያደክማል። ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የታይሮይድ መታወክም ውጤቱን ያወርዳሉ።

ቤተሰብም ይጠየቅ፦ መድኃኒቱን በሰዓቱ ራሱ ይወስዳል? የሱቅ መልስ ቆጥሮ ይቀበላል?