«በማንም ላይ ጉዳት አልደረሰም»? ልጅቷን ጠይቃችኋታል?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የነርሲንግ ተማሪ መድኃኒት አሳስታ ሰጠች ብላችሁ ያወጣችሁትን ዜና እኔም እንደ ሰዉ አነበብኩት። አርእስቱ ላይ «ግድየለሽነት» ያላችሁትን እንኳን ልለፈው፣ ማለፍ ያቃተኝ የመጨረሻዋ መስመር ናት፦ «ታካሚዋ አገግመው ወጥተዋል፣ በማንም ላይ የደረሰ ጉዳት የለም»። በማንም? ሆስፒታሉን አናገራችሁ፣ ዩኒቨርሲቲውን አናገራችሁ፣ የቀራችሁ ዘበኛውና ልጅቷ ናቸው መሰለኝ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ ደርሶብኛል። 3ኛ ዓመት ሜዲካል ዋርድ አታችመንት (የተማሪ ልምምድ) ላይ ነን፣ የማታ ዱቲ ነው፣ ያለችው አንድ ስታፍ ነርስ ናት፣ እሷም ሌላ ዋርድ ተጠርታ ሄዳለች። ቤድ 7 ላይ ስኳር ያለባቸው ማዘር ነበሩ፣ ከሰዓት ወደ መስኮቱ ጋ አዛውረዋቸው 7 ላይ ሌላ ማዘር አስተኝተዋል፣ ለየትኛው አልጋ ምን መድኃኒት እንደሚሰጥ የተጻፈበትን ሜዲኬሽን ሺት ግን የነካው የለም። ስማቸውን ጠራሁ፣ «አቤት» አሉኝ። ለካ የሁለቱም ስም አንድ ነው! የአባት ስም አልጠየቅኩም። ለስኳር ታማሚዋ የታዘዘውን 10 ዩኒት ኢንሱሊን ለአዲሷ ማዘር ወጋኋቸው።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነጠላቸው በላብ ርሶ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የገዛ ልጃቸውን መለየት አቃታቸው። ስኳራቸው ሲለካ እጅግ ወርዶ 38። 40 ፐርሰንት ግሉኮስ ተሰጣቸውና ነቁ፣ ነቅተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «አንቺ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሳትቀመጪ፣ እግዜር ይባርክሽ»። ለቤተሰቡ «ስኳር ወርዶባቸው ነው» ተባለ፣ ውሸትም አይደል እኮ! እኔን ደግሞ ዝም በይ አሉኝ። ያ ምርቃት እስከዛሬ ያቃጥለኛል፣ በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ ክላስሜቶቼ ፊት ተሰደብኩ፣ ስቴትመንት ጻፍኩ፣ አለቀ። ደህና ነሽ ወይ ያለኝ የለም። ከዛ በኋላ ሲሪንጅ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ፣ እናቴ ስትደውል «አሪፍ ነው» እላለሁ። ትምህርት ለማቋረጥ ዊዝድሮው ፎርም ወስጄ ሞልቼ ሁለት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ።

ይሄ የኔ ቅብጠት እንዳይመስላችሁ፣ ስም ያለው ነገር ነው። አልበርት ዉ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ ጽፎታል። የመጀመሪያው ታካሚው ነው፣ በዚህ የሚከራከር የለም፣ ሁለተኛው ስህተቱን የሠራው ባለሙያ ነው። ተማሪ ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቅሬታ ልታቀርብ ብትፈልግ የልምምድ መዝገቧ (ሎግ ቡኳ) ላይ የሚፈርምላት ያው የሰደባት ኢንስትራክተር ነው።

ልጅቷ አትጠየቅ አላልኩም። ግን ብቻዋን እንድትሰጥ የተዋት ማነው? ታካሚዋ እጅ ላይ ስም የተጻፈበት ባንድ ነበር? ዘጋቢያችሁ ይሄን ለመጠየቅ ነርሲንግ መማር አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲው «ፋይቭ ራይትስ አስተምረናታል» ብሏል (ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት ማለት ነው)፣ ጎበዝ፣ እኔም በቃሌ እወጣው ነበር፣ ለፈተና። መቼስ ሴፕቴምበር 17 የታካሚ ደህንነት ቀን ሲመጣ ብርቱካናማ ባነር ስር ፎቶ የሚነሳ አይጠፋም፣ እናንተም ትዘግቡታላችሁ።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ብዙ አልጠይቅም፣ «በማንም» የምትለዋን አውጡልኝ።

አንዲት ነርስ