ካርዷ ላይ የጻፍኩት ቃል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? በገጠር ጤና ጣቢያ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ፣ ለዓመታት ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ነርስ ሳለሁ የልቧ ምት የተዛባ አንዲት ወጣት እናት ነበረችን። ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ጀምራ በሁለት ቀጠሮ ስትቀር፣ ካርዷ ላይ «ሕክምናዋን አቋርጣለች» ብዬ ጻፍኩ። ከወራት በኋላ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ፣ አንደበቷ ተይዞ፣ በሰው ሸክም መጣች። እኔ ጋ ለመድረስ ስንት ሰዓት በእግሯ እንደምትጓዝ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የእርሷ ዓይነት የልብ ምት መዛባት በደረሰበት ሰው ሁሉ ልብ ውስጥ የሚሆነው አንድ ነው፤ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ሲርገበገቡ ደም ያቁራል፣ ያቆረው ሊረጋ ይችላል፣ የረጋውም ወደ አንጎል ሲሄድ ስትሮክ ያስከትላል። የስትሮክ አደጋው 5 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ድህነት የሚገባው ከዚህ በፊትና በኋላ ነው። በጠባብ ቤት ተፋፍገው የሚኖሩ ልጆች የጉሮሮ ሕመም እየተቀባበሉ ሳይታከሙ ሲቀሩ፣ ከእነርሱ አንዳንዶቹን የሩማቲክ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ እርሱም የልብን ቫልቭ እያጠበበ የላይኛውን የግራ ክፍል ይለጥጠዋል፣ ምቱም ይዛባል። ሳይለካ የኖረ የደም ግፊትም ወደዚያው ያደርሳል።

ዋርፋሪን በአግባቡ ከተወሰደ ከሚመጣው ስትሮክ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይከላከላል። ይሁንና አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት በ2 እና በ3 መካከል መቆየት አለበት፤ ካነሰ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ደም ይፈሳል፤ ስለዚህ ምርመራው መደጋገም ይኖርበታል። ይህን ክትትል የማይፈልጉ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ነገር ግን ቫልቩ በሩማቲክ ሕመም ክፉኛ ለጠበበ ሰው አይተኩም። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናትም ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን የነዋርፋሪን ወገን እንደሚሻል አሳይቷል። ልቤን የሚያቆስለው ይህ ነው፤ ድህነት ያመጣው በሽታ፣ ላቦራቶሪ ቅርቡ ለሆነ ሰው የሚመች መድኃኒት ይጠይቃል።

ምቱ አንዳንዴ እየተዛባ መልሶ ስለሚስተካከል፣ የልብ ምት መመርመሪያው ባለበት ሰዓት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ የእጁ አንጓ ላይ ጣትሽን አድርገሽ የልብ ምቱን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። ቀጠሮ ስትሰጪም መኪና የሚያልፍበትን ቀን፣ ልጆቹን የሚጠብቅላቸው መኖሩን ጠይቂ፤ መልሱንም እኔ ያንን ቃል በጻፍኩበት ቦታ፣ ካርዱ ላይ ጻፊው።

እናትሽ