ዝምድና ወይም ጠብ አለህ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልሽ ከጊዮርጊስ በታች፣ ሐይቁ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። እንጨት የጫኑ የዘጌ ታንኳዎች እየገቡ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ የተናገርኩትን ላነሣ ነው ወረቀት የያዝኩት። ልጅሽን ድብርት እንደያዛት፣ ሐኪሙም ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድኃኒትና የንግግር ሕክምና እንዳዘዘላት ስትነግሪኝ ሳላስጨርስሽ፣ «ዕድሜዋ ነው፣ ያልፋል። በ14 ዓመቷ መድኃኒት እንዳታስጀምሪያት፤ ክረምቱን አምጫትና ጸበል ትጠመቅ» አልኩሽ። ዝም አልሽ። ዝምታሽ እንቅልፍ ነሳኝ።

30 ዓመት ችሎት ተቀምጬ ምስክር ሰምቻለሁ። ምስክር ቃሉን ሳይሰጥ ምን እንደሚጠየቅ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ወንድምሽን ግድግዳው ሥር አቁመሽ «ከተከራካሪዎቹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ አለህ?» ትይው ነበር። ዝምድና አለኝ ያለ አይባረርም። ቃሉ ይሰማል፣ ከዚያ ይመዘናል። እኔ ግን ማንነቴን ሳልናገር መሰከርኩብሽ።

አሁን ልናገር። አጎትሽ በልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል፤ ይተላለፋል እየተባለ አብሮት የሚበላ ጠፋ። እናቴ ከተማ ወስዳው ፌኖባርቢታል ታዘዘለት። መድኃኒቱን የሰጣት ሰው «ያስተኛዋል፣ ያፈዝዘዋል። ተሻለው ብለሽ በድንገት እንዳታቋርጪ፣ ይብስበታል» አላት። በኋላ አንድ ሥር ማሽ መጣና «ይህን ጣዪው። የእኔ ምንም ጉዳት የለውም፣ ከሥሩ ይነቅለዋል» አለ። እናቴ የሁለተኛውን አመነች። ጥቂት ቀን ሳይቆይ አንዱ መንዘፍዘፍ ሳያበቃ ሌላው እየተከተለ ሌሊቱን ሙሉ ታገለ። ተረፈ፤ አንደበቱ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሁለቱም ሻጮች ነበሩ። አንደኛው ግን የሚሸጠውን ዕቃ ነውር ተናግሯል። ይህን ያየሁት ከስንት ዓመት በኋላ ችሎት ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያስቀባጠረኝም ያው ነው፤ በአጎትሽ ላይ የወጣው ስም በልጅሽ ላይ እንዳይወጣ ፈራሁ።

የላክሽልኝን ሁሉ፣ የድብርት መድኃኒትን የሚቃወመውን ቪዲዮም ጥናቶቹንም፣ አንድ ፋርማሲስት ጎረቤታችን እያገዘኝ አየሁ። ቪዲዮውን የሠራው ድርጅት በፈረንጆቹ 1969 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው) የሳይንቶሎጂ ቤተ ክርስቲያን የምትባል፣ አሜሪካ የተነሣች አዲስ የእምነት ድርጅት ቶማስ ሳዝ ከሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋር ሆና ያቋቋመችው ነው። ከሥነ አእምሮ ሕክምና ጋር የቆየ ጠብ አላቸው። ባለ ጠብ እውነት አይናገርም አልልሽም፤ የሚያነሡት የ2004 ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከ4,400 በላይ ልጆችና ወጣቶች የተሳተፉባቸውን 24 ጥናቶች አንድ ላይ ሲያይ፣ የድብርት መድኃኒት ከወሰዱት 4 ከመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት ደግሞ 2 ከመቶ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ሙከራ ታይቶባቸዋል። በእነዚያ ጥናቶች ግን ራሱን ያጠፋ አንድም ልጅ አልነበረም። ቪዲዮው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጣለ።

የወዲያኛው ወገን፣ የመድኃኒት ሻጮቹ ነገር፣ ይበልጥ አሳዘነኝ። በ2001 ፓሮክሴቲን የሚባል ሌላ መድኃኒት ለወጣቶች ድብርት ይሠራል፣ ይስማማቸዋል የሚል ጥናት ወጣ። 275 ወጣቶች ተሳትፈዋል፣ በአዘጋጅነት 22 ስሞች ተደርድረዋል። ገንዘቡ የመድኃኒቱ ባለቤት ነው፤ ረቂቁንም ያሰናዳው የተከፈለው ጸሐፊ ነው። አስቀድመው የመረጧቸው መለኪያዎች በመድኃኒቱና በማስመሰያው መካከል ልዩነት ቢያጡ ሌሎች መለኪያዎች አመጡ። ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ክስ መቀየር ማለት ነው! ራስን ወደ መጉዳት ያዘነበሉትን ልጆች ደግሞ «የስሜት መዋዠቅ» በሚል ስም ሸፈኗቸው። እዚህ ላይ ወረቀቱን አስቀምጬ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ። ከስሙ ጀርባ የሰው ልጅ አለ። ሌሎች ተመራማሪዎች ጥሬ መዝገቡን አግኝተው በ2015 እንደገና ሲመረምሩት መድኃኒቱ አልጠቀመም፣ ጉዳትም አለው አሉ። ኩባንያው ግላክሶስሚዝክላይን ከዚያ በፊት በ2012፣ ይህንን መድኃኒት ከ18 ዓመት በታች ላሉ በማሻሻጡ በቀረበበት ክስ ጥፋቱን አምኖ፣ ከሌሎች ክሶቹ ጋር በአጠቃላይ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

የልጅሽ መድኃኒት ያ አይደለም፤ አንዱ ሲዋሽ ሌላው አብሮ አይፈረድበትም። ስለ ፍሉኦክሴቲን የላክሽው የ2004 ጥናት በአሜሪካ መንግሥት የአእምሮ ጤና ተቋም ገንዘብ የተሠራ ነው፤ መድኃኒቱን ኩባንያው አቅርቧል፣ ያንንም ጽፈውታል። ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 439 ልጆች ነበሩበት። ከ12 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱንና የንግግር ሕክምናውን አብረው ካገኙት 71 ከመቶ፣ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 61፣ ንግግር ብቻ ካገኙት 43፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 35 ከመቶ ተሻላቸው። መድኃኒቱ በአንዳንዶቹ ላይ ያመጣውንም ጉዳት አልደበቁም። ነውሩን የተናገረ ሻጭ ይህ ነው። እኔ ቃሉን እቀበለዋለሁ።

ጸበሉን አልተውኩም፤ ስትመጡ አብረን እንሄዳለን፣ መድኃኒቷን እንደያዘች። አቡነ ጳውሎስም ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ተናግረው ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ ስትሄጂ «የዚህን መድኃኒት ነውር ንገረኝ» በይው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚያያት ጠይቂው፤ መጠኑ ሲቀየርም እንዲሁ። እንቅልፏ ከጠፋ፣ ከተቁነጠነጠች ወይም ስለ ሞት ካነሣች ሌሊትም ቢሆን በየትኛው ስልክ እንደምትደውይ ይንገርሽ። «ምንም የለውም፣ አታስቢ» ካለሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። የመለሰልሽን ጻፊልኝ።

ይህችን ደግሞ ለእሷ አንብቢላት፦ ልጄ፣ በስልክ የሰማሽው የአያትሽን ፍርሃት ነው። ስለ ወንድሜ፣ ስለ እናትሽ አጎት፣ አንድ ቀን እነግርሻለሁ። ስትመጪ ዘጌ እንሻገራለን፤ ማውራት ካላሰኘሽ ጀልባው ላይ ዝም ብለን እንቀመጣለን።

አባትሽ
ባሕር ዳር