ቁጠባውን ከሁለተኛው ቀን ጀምሪ

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ብቻ ብርዱ ሲገባ ጉልበቷን ያማታል። ዘንድሮ ውርጩ ቶሎ ጀመረ። ዛሬ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ የበሬሳ ወንዝ ዳር ሣር እንዳለ ነጭ ሆኗል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል።

እሑድ ስናወራ መስመሩ ተቆረጠ። ያልጨረስኩት ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ለፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ከክፍል ጓደኛሽ ጋር ከቪየና ወደ ሃንጋሪዋ ቡዳፔስት እንደምትሄዱ ነገርሽኝ። ደስ ብሎኛል። ተማሪ ሆነሽ ከኪስሽ ቆጥበሽ አገር ማየትሽ ያኮራኛል። ቀጥለሽ ግን፣ «አባዬ፣ እኩለ ሌሊት የሚያደርሰው አውቶቡስ ርካሽ ነው። እስኪነጋ ጣቢያ እንቀመጣለን፤ የአንድ ሌሊት አልጋ ይተርፈናል» አልሽኝ። ስልኩ የተቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያንን ሒሳብ እኔም ሠርቼዋለሁና፤ ያውም እዚያው ከተማ።

በ1979 ዓ.ም. ነው። ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ ተማሪ ነበርኩ። ያኔ መንግሥት ወደ ሶሻሊስት አገሮች ብዙ ልጅ ይልክ ነበር። የጥር ዕረፍት ሲመጣ ከአንድ የጎጃም ልጅ ጋር ገንዘባችንን አዋጣንና ቡዳፔስትን ለአምስት ቀን ልናይ ተነሣን። ያ ጥር አውሮፓን በሙሉ ያስጨነቀ ብርድ የወረደበት ነው። ባቡሩን በረዶ እያዘገየው ኬሌቲ የሚባለው ጣቢያ ያደረሰን እኩለ ሌሊት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነበር።

በሩ ላይ አሮጊቶች ቆመው ቤታቸው ያለ ክፍል ያከራያሉ። አንዷ ጠጋ አለችን። መዳፏን ጉንጯ ሥር አድርጋ መኝታ እንዳላት አሳየችን። ከዚያ የጣቢያው መስኮት ላይ ጤዛው በረዶ ሆኖ ስለነበር ዋጋውን በጥፍሯ ጻፈችልን። ቁጥሩን ዛሬም አየዋለሁ። ውድ አልነበረም። ጓደኛዬ «እንሂድ» አለ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍ ይህን ሁሉ ፍራንክ? የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ ይፈራል እንዴ?» አልኩት። አሮጊቷ አድራሻዋን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችንና ሄደች።

ልጄ፣ የእኛ ብርድና የእነሱ ብርድ ለየቅል ነው። አንቺ የሄድሽው በመስከረም ስለሆነ ገና አላየሽውም። እኛ ዘንድ ሌሊቱ የቱን ያህል ቢከፋ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች። ግድግዳ ተደግፈሽ ትሞቂያለሽ፤ ረፋድ ላይ ጋቢሽን ትጥያለሽ። ብርዱ ቀን ቀን ይለቅሻል። እዚያ አይለቅም። በታኅሣሥ ቡዳፔስት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ነው። ቀን ወጣች የምትባለውም ብዙ ጊዜ ከደመና ጀርባ ናት። ሌሊት ሰውነትሽ የገባ ብርድ በማግስቱ የሚወጣበት ፀሐይ የለም።

እኔ ይህን አላወቅሁም። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ጫማዬ በረዶ ስንረግጥ ውሎ ርሷል። ካልሲዬን አውልቄ ጨመቅኩና የወደቀ ጋዜጣ አንስቼ ጫማው ውስጥ ጠቀጠቅኩ። አያትሽ ከመንዝ የላከችልኝን የበግ ጠጉር ባና ለሁለት ተከናነብን። ባናው ባይኖር ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ። ወዲያው ሸለብ ሲያደርገን ዘበኞች መጥተው ቀሰቀሱን። መተኛት ክልክል ነው። ቁጭ፣ ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ ስንል ነጋ። ጠዋት ጫማዬን ላወልቅ ስል ጣቶቼ በቆፈን አልታዘዝ አሉ፤ ጓደኛዬ ነው የፈታልኝ። የውስጥ እግሬን ባየው የጋዜጣው ቀለም ተገልብጦ ታትሞበታል። የሃንጋሪ ፊደል ከነነጥብጣቡ።

ቀትር ላይ ትኩሳቱ ጀመረኝ። የት እንደምንሄድ ስናጣ ጓደኛዬ ያቺን ቁራጭ ወረቀት አወጣ። አሮጊቷ ስታየን አንድም ቃል አልተናገረችም። ካልሲያችንን ተቀብላ ምድጃው ላይ ሰቀለች፤ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ያለበት ሾርባ አመጣች። ከአምስቱ ቀን ሦስቱን አልጋዋ ላይ ተኝቼ ጣሪያዋን ሳይ ከረምኩ። የሸሸነው የአልጋ ገንዘብ አልቀረልንም፤ ከፈልን። እሷም መስኮቱ ላይ ከጻፈችው አንዲት ሳንቲም አልጨመረችም። እዚያ አገር ትልቅ ሴትን «ኔኒ» ይላሉ፤ እትዬ እንደማለት ነው። ስሟን ሳልጠይቅ ኔኒ እንዳልኳት ተለያየን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ አባትሽን ውደጂና ያንን አውቶቡስ ተዪው። ከቪየና ቡዳፔስት በባቡር ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጠዋት ተሳፍራችሁ ቀትር ላይ ግቡ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች አልጋ ከፍላችሁ ሂዱ። ሆስቴል ይሁን፣ ግድ የለም፤ ለሜትሮ የቀረበና ማሞቂያው የሚሠራ ብቻ ይሁን። አድራሻውን በሃንጋሪኛ ወረቀት ላይ ጻፊው፤ ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። በጉዞ ሰውነትሽ ዝሎ፣ ቋንቋውን ሳታውቂ፣ በጨለማ የምትወስኚው ነገር ሁሉ ውድ ያስከፍልሻል። ለዚያች ሌሊት የሚወጣውን ገንዘብ እንደ ትኬቱ ቁጠሪው።

ደግሞ ቀኑን ተመልከቺ። የእነሱ የገና ዋዜማ ታኅሣሥ 15 ነው። የዚያን ዕለት አብዛኛው ሱቅ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። አውቶቡሱም ሜትሮውም ከሰዓት በኋላ ይቆማል፤ የሚቀረው የሌሊቱ አገልግሎት ብቻ ነው። ሁሉም ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ከተቻለ ቀድማችሁ ግቡ፤ ካልሆነም ስንቃችሁን ያዙ።

ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እንደልብሽ ቆጥቢ። ከተማው ለእግረኛ የተሠራ ነው። ቡዳና ፔስት ድሮ ዳኑብ መሀላቸው እያለፈ ለየብቻ ነበሩ፤ አንድ ከተማ የሆኑት በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ድልድዮቹን በእግር መሻገር ነጻ ነው፤ እኔ ከምንም በላይ እሱን ወደድኩት። ወንዙ ላይ የበረዶ ስባሪ እየተጋጨ ሲወርድ ድምፁ እንደ ሸክላ ነበር። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል፤ ውኃ አትግዢ። ገንዘባቸው ፎሪንት ነው። ከኤቲኤም ስታወጪ ማሽኑ በዩሮ ላስላልሽ ሲልሽ እምቢ ብለሽ በፎሪንት በይ። የትራንስፖርት ቲኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ የወረቀቱን ሜትሮ ከሆነ ከመግባትሽ በፊት፣ አውቶቡስና ትራም ከሆነ እንደተሳፈርሽ ማሽኑ ላይ ማስመታት አለብሽ፤ ተቆጣጣሪዎቹ ምሕረት የላቸውም። የብዙ ቀን ፓስ ከገዛሽ ከዚህ ጣጣ ትድኛለሽ። አንደኛውን የሜትሮ መስመር ሳትሳፈሪ እንዳትመለሺ። በ1896 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ትንንሽ ቢጫ ፉርጎዎች ያሉት፣ መሬቱን ገባ እንዳልሽ የምታገኚው ነው። የዓድዋ ዓመት መሆኑን ሳውቅ ደነቀኝ።

ፍል ውኃቸውንም ግቢ። ሴቼኒ የሚባለው ትልቁ ነው። እኔ የመጨረሻው ቀን ላይ ጓደኛዬ እየጎተተኝ ነው የሄድኩት። ከላይ በረዶ ይወርዳል፣ ከታች ውኃው ይፋጃል፣ ሽማግሌዎች እስከ ደረታቸው ገብተው ቼዝ ይጫወታሉ። በእንፋሎቱ ከአጠገቤ ያለው ሰው አይታየኝም ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ቦታ ያለሁ መሰለኝና አማተብኩ። ሦስት ቀን አጥንቴ ውስጥ የተቀመጠው ብርድ የለቀቀኝ እዚያ ነው። ርካሽ አይደለም፤ ግን ከሌላው ቀንሰሽ ክፈይበት። ፎጣና ነጠላ ጫማ ከቤት ያዢ። ፀጉርሽን ሳታደርቂ በምንም ምክንያት ውጪ እንዳትወጪ። ይህን ጻፍላት ያለችው እናትሽ ናት፤ ከጎኔ ቁጭ ብላ ታስጽፈኛለች።

ጾም መሆኑንም አስታውሺ ብላለች። መንገድ ላይ የሚጠብሱት፣ በእንግሊዝኛ ቼስትነት የሚሉት አንድ ፍሬ አለ፤ ቅርፊቱን ሰንጥቀው በወረቀት ጠቅልለው ትኩሱን ይሰጡሻል። ጾም ነው፣ ያጠግባል፣ ኪስ ውስጥ ስትከቺው ደግሞ እጅ ያሞቃል። ወደ ቪየና በሚሄድ ሰው በሶና የገብስ ቆሎ ልከንልሻል። ገብሱ የአጎትሽ ነው፤ ገና ከአውድማ የገባ። ባናውም አብሮ አለ። ያው የድሮው ነው፤ እናትሽ ጠርዙን ሰፍታዋለች። ይከብዳል ብለሽ እንዳትተዪው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ኬሌቲ ስትወርጂ ወጥተሽ የሕንፃውን ፊት ቀና ብለሽ እዪልኝ። ሁለት ትልልቅ ሐውልቶች አሉ፤ አንዱ ጀምስ ዋት፣ አንዱ ጆርጅ ስቲቨንሰን። ማን እንደሆኑ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በቀን ፎቶ አንሺያቸውና ላኪልኝ። እኔ ስደርስ ጨለማ ነበር፤ በረዶው ፊታቸውን ሸፍኖት ነበር።

እንደገባሽ ደውዪ። ስልኬን አልዘጋም።

አባትሽ