የሆቴሉን ሂሳብ ማን እየከፈለ ነው? ግልጽ ደብዳቤ ለዌልስ የቤቶች ሚኒስትር

ለተከበሩ የዌልስ መንግሥት የቤቶችና የአካባቢ አስተዳደር ሚኒስትር
ካርዲፍ

ጉዳዩ፦ ጊዜያዊ መኖሪያ የሚበላውን የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ገንዘብ ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ካርዲፍ የምኖር፣ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ የምተዳደር ኢትዮጵያዊት ነኝ። የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለቢሮዎ ልኬያለሁ። በአማርኛ የማወጣው ደግሞ ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው። ሆም ኦፊስ፣ ማለትም የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ለብዙ ዓመታት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ዌልስ ውስጥ ሲመድብ የኖረው በካርዲፍ፣ በኒውፖርት፣ በስዋንሲና በሬክሳም ነው። በእነዚህ ከተሞች አበሻ ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ የቤት ነገር ሳይነሳ አይቀርም። ደግሞ እንመርጣለን። ከ2021 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋም ለሴኔድ፣ ማለትም ለዌልስ ፓርላማ፣ ድምፅ ይሰጣል። ይህን የማያውቅ ወገን አሁንም አለና እግረ መንገዴን ላስታውስ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ወደ ነገሬ ልግባ። የቤት ችግርና የአረጋውያን እንክብካቤ ችግር እንደ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው የሚወራው። የሁለቱም ወጪ ግን የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው፤ አንዱ በበላ ቁጥር ሌላው ይራባል።

የማውቃት አንዲት ቤት ያጣች እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ካውንስሉ በመደበላት አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ትኖራለች። ስትገባ ጊዜያዊ ነው ተብላ ነበር። ሁለተኛ ገናዋን እዚያው ዋለች። ማይክሮዌቭና የሻይ ማፍያ አለ፤ ምድጃ የለም። ምጣድማ ጭራሽ አይታሰብም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ እንጀራ ትጋግርና በፌስታል ይዛ ትመለሳለች። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታው ጠቁሮ ወጥቷል። በስፖንጅ ትጠርገዋለች፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ትልቁ ልጅ ጠረጴዛ ስለሌለ የቤት ሥራውን የሚሠራው መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ደብተሩን አልጋው ላይ ዘርግቶ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይይዛሉ። ትምህርት ቤት አልቀየረችም፤ ነገ ሌላ ሰፈር ቢመድቧትስ?

በዌልስ እንዲህ በጊዜያዊ መኖሪያ የሚኖረው ሰው ከ10,000 በላይ ነው። ካውንስሎች ለእነዚህ ክፍሎች የሚከፍሉት የዛሬን ዋጋ ነው። ለንደን ያለው መንግሥት የሚመልስላቸው የቤት ድጎማ ግን በጥር 2011 በነበረው የኪራይ ተመን ላይ ተገድቦ ቀርቷል። አዎ፣ 2011! ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለሴኔድ ለመምረጥ እየደረሰ ነው፤ እዚህ አገር በ16 ዓመት ይመረጣልና። ልዩነቱን ካውንስሉ ከራሱ ኪስ ይሞላል። ኪሱ ውስጥ ያለው እናንተ የምትሰጡት ድጎማ፣ ከንግድ ቤቶች የሚመጣው ግብርና እኛ የምንከፍለው የቤት ግብር፣ ካውንስል ታክስ፣ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቆሻሻ ማንሳቱ፣ የእኔም ደሞዝ ከዚያው ነው የሚወጣው።

ይህ ሲሆን የእኔ ሥራ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ጠዋት ጠዋት የምሄድላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ጉልበታቸውን የጨረሱት በካርዲፉ የኢስት ሙርስ ብረት ፋብሪካ ነው፤ ፋብሪካው በ1978 እስኪዘጋ ድረስ። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሆኖም ሸሚዛቸውን ራሳቸው መቆለፍ ይፈልጋሉ። ታግሼ ከጠበቅኳቸው ይቆልፉታል፤ ላይኛው ቁልፍ ላይ ትንሽ ይቸገራሉ እንጂ። ግን ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደቂቃ ይቆጥራል። ቀጥሎ ያሉት ሴትዮ ቁርሳቸውን ሳይበሉ እየጠበቁኝ ነው። ስለዚህ እኔ እቆልፍላቸዋለሁ። እሳቸውም ዝም ብለው ግድግዳ ያያሉ። ሰውዬው መሥራት የሚችሉትን ነገር ከእጃቸው እየነጠቅኩ «እንክብካቤ» ብዬ እፈርማለሁ። ሰዓቱ ለምን አጠረ ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ ሁሌም አንድ ነው፤ በጀት።

ካውንስሉን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ቤት ላጣ ማደሪያ መስጠት የሕግ ግዴታው ነው፣ ሂሳቡም ዛሬ መከፈል አለበት። የጉብኝት ሰዓት መቀነስ ግን ጋዜጣ ላይ አይወጣም። ስለዚህ እሱ ይቀነሳል። በዚህ መሃል ድነው መውጣት የሚችሉ ሽማግሌዎች ቤት የሚረዳቸው ሰው ባለመገኘቱ ሆስፒታል አልጋ ይዘው ይቆያሉ። ያ ደግሞ ከሁሉም በላይ ውድ ነው።

«ገንዘቡን የሚሰጠው ለንደን ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የ2011ዱን ተመን ያሰረው ዌስትሚኒስተር፣ ማለትም የለንደኑ መንግሥት፣ ነው። የኪራይ ድጎማ ተመንንም ከ2020 እስከ 2024 ሳይጨምር በነበረበት አቆይቶት ነበር። ኤች ኤስ ቱ የሚባለው የባቡር ፕሮጀክት ዌልስ ውስጥ አንድ ሜትር ሐዲድ የለውም። ግን «የእንግሊዝና የዌልስ» ተብሎ ስለተመደበ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የገንዘብ ድርሻቸውን ሲያገኙ ዌልስ ባዶ እጇን ቀረች። ጉድ ነው። በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ ሰልፍ ከተጠራም እመጣለሁ።

ሌላው ግማሽ ግን የእርስዎ ነው።

መንግሥታችሁ እስከ 2026 ድረስ 20,000 በዝቅተኛ ዋጋ የሚከራዩ ማኅበራዊ ቤቶች ቃል ገብቶ ነበር። የዌልስ ኦዲት መሥሪያ ቤት በመስከረም 2024 ቁርጡን ተናገረ፤ ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ካልተጨመረ ግቡ አይደረስበትም አለ። ለዚያች እናት ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው የሆነው። ለረጅም ጊዜ ሰው ሳይኖርባቸው ባዶ የተቀመጡ የግል ቤቶች ደግሞ በአገሩ ከ20,000 በላይ ናቸው። ከሥራ ወደ ሥራ ስሮጥ በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ መስኮታቸው በጣውላ ተመቷል፣ በራቸው ሥር ፖስታ ተቆልሏል።

ካውንስሎች ለምን ገዝተው አድሰው አያከራዩም? አንዳንዶቹ ጀምረዋል። ግን የዓመት በጀታቸውን ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ዓመቱ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ይጀምራል። የከርሞ ገንዘቡን የማያውቅ ካውንስል ቤት ልግዛ፣ አናጺ ልቅጠር ቢል ማን ያምነዋል? የሆቴል ሂሳብ ግን ዕቅድ አይፈልግም። በየሳምንቱ መክፈል ብቻ ነው። ውዱን መንገድ የምንመርጠው ስለምንወደው ሳይሆን ርካሹ መንገድ የሦስት ዓመት እርግጠኝነት ስለሚጠይቅ ነው።

ስትፈልጉ ደፋር እንደሆናችሁ አይቻለሁ። በ2019 የካውንስል ቤት ለተከራይ በቅናሽ መሸጥን አስቀራችሁ። ከ2023 ጀምሮ ካውንስሎች በሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ካውንስል ታክስ እንዲጥሉ ፈቀዳችሁ። በሰሜን ያለው የጉዊነድ ካውንስል በ2024 አንድ ርምጃ ጨምሮ፣ መኖሪያ ቤትን የእረፍት ቤት ለማድረግ ፈቃድ ግዴታ አደረገ። የካውንስል ታክስ ማሻሻያ ላይ ሲደርስ ግን ድፍረቱ ጠፋ። ዛሬም የምንከፍለው ቤቶች በ2003 ባወጡት ግምት ነው። ለ2025 የታሰበው ለውጥ ወደ 2028 ተገፋ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። በታኅሣሥ 2022 የኪራይ ሕጋችሁ ሥራ ላይ ሲውል አከራይ ያለ ተከራይ ጥፋት ሲያስወጣ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ አደረጋችሁ። ያኔ እንግሊዝ ያሉ ዘመዶቻችን ቀኑብን፤ የእነሱ ሁለት ወር ነበር። አሁን እንግሊዝ ያለ ጥፋት ማስወጣትን ጨርሶ የሚያስቀር ሕግ በ2025 አወጣች። እኛ ግን ስድስት ወራችንን ይዘን ቀረን። ስድስት ወር ቤት ለመፈለግ ይበቃል የሚል ሰው ካርዲፍ ውስጥ ቤት ፈልጎ አያውቅም። ኤጀንቱ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ የራሱ ቤት ከሌለው አይቀበልም። የመኖሪያ ፈቃድ ሲወጣለት ከሆም ኦፊስ ቤት በሳምንታት ውስጥ ውጣ የሚባለው ወንድማችን የራሱ ቤት ያለው ዋስ ከየት ያመጣል? እሱም ዞሮ ዞሮ ካውንስሉ በር ላይ ይቆማል፤ ሂሳቡም እዚያው ኪስ ላይ ይጨመራል።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ለካውንስሎች የሦስት ዓመት በጀት ይንገሯቸው፤ ከዚያ ውስጥ ባዶ ቤት ለመግዣና ለማደሻ ብቻ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ። የ2011ዱን ተመን በተመለከተ ለለንደን የጻፉትን ደብዳቤና የመጣልዎን መልስ ይፋ ያድርጉልን። ያለ ጥፋት ማስወጣትን የሚያስቀር ሕግ መቼ እንደሚያቀርቡ ቀኑን ይንገሩን፤ ካላሰቡበትም «አላሰብንም» ይበሉን። እያንዳንዱ ካውንስል ለጊዜያዊ መኖሪያ ከራሱ ኪስ ስንት እንደሚጨምር ደግሞ በአንድ ሰንጠረዥ፣ በየዓመቱ ያውጡልን። ያ ቁጥር ከእንክብካቤ በጀቱ ጎን ቢቀመጥ እኔ ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር።

መልስዎን በእንግሊዝኛም በዌልሽም ቢልኩ ግድ የለም፤ አስተርጉመን እናነባለን። «ጉዳዩ የአካባቢዎ ካውንስል ነው» የሚል መልስ ግን ከዚህ በፊት ደርሶኛል፣ አይድከሙ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንዲት የካርዲፍ ነዋሪ፣ የእንክብካቤ ሠራተኛና መራጭ

ግልባጭ፦
ለምርጫ ክልሌ ስድስት የሴኔድ አባላት፣ ለስድስቱም